ስሜን አየህ፣ ቀኑን አላየህም

ኧረ ተዉኝ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ! ስናደድ ደሞ እጄ አያርፍም፤ ትንፋሼ ቢቆራረጥ ታገሱኝ። ያለፈውን ሳምንት ያነበባችሁ፣ እህቴን እያለቀሰች ትታችኋት ነው የሄዳችሁት። ያላነበባችሁ ምንም አልቀረባችሁም፣ በሁለት ትንፋሽ እነግራችኋለሁ።

እማዬ የመጽሔት ባለቤት ናት። ባለቤትም ናት፣ ዋና አዘጋጅም ናት፣ ቤት ውስጥም ቢሮ ውስጥም ዋና እሷ ናት። ሕንጻውም የሷ ነው። እህቴ የመጽሔቱን ድረ ገጽ ትይዛለች፤ ጽሑፉንም ሥዕሉንም ሲስተሙ ውስጥ አስገብታ ገጹ ላይ የምታወጣው እሷ ናት። ሥዕሎቹን የሚሥለው ደሞ ጭረት ነው። ጭረት ያልነው እያወራ እንኳ እጁ መሞነጫጨር ስለማያቆም ነው፤ ናፕኪን ላይ፣ የአውቶቡስ ትኬት ላይ፣ አንዴ የእህቴ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ… እሱን ዝለሉት፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ነው ያለፍኩት።

የጭረት እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሰፉት እኛው ሕንጻ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖል። እማዬ በየጠዋቱ በሳቸው አጠገብ አልፋ ነው የምትወጣው። አንድ ቀን “እንደምን አደርሽ” ብላቸው አታውቅም። አንድ ቀን!

እህቴና ጭረት ይዋደዳሉ። ማለቴ… ተዋደው ነበር። አንድ ረቡዕ ጭረት ከሥራ ቀረ። ስትደውልለት አያነሣም። ድረ ገጹን ብትከፍት ሥዕሎቹ አንድ ሳይቀሩ የሉም። ሲስተሙ ውስጥ ገብታ ከላይ ያለችው ሳጥን ላይ ስሙን ጻፈች፤ “ምንም አልተገኘም” አላት። እማዬ ምን አለች መሰላችሁ? “እንዲህ ዓይነት ሰው እንዲህ ነው ልጄ። ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል።” ዕቃውን! እህቴን ራሷን ጠቅልሎ የሄደ ይመስል፣ ከዛ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረችው ጫማዋ ብቻ ናት።

አሁን ደሞ ቅዳሜ መጽሔታችንን የሚያትመው ማተሚያ ቤት ባለቤት ከነልጁ እኛ ቤት ምሳ ይመጣሉ። ልጁ ለእህቴ ነው የታሰበው። እህቴ “እሺ” ብላለች። ያንን “እሺ” ብትሰሙት! የሊፍት በር ሲዘጋ እንኳ ከዛ ይልቅ ስሜት አለው።

ይኸው ነው ያለፈው። አሁን አብረን እንናደድ።

* * *

ዛሬ ጠዋት እማዬ ፌስታል ሰጠችኝ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የቢሮው ተላላኪ እኔ ነኝ።

“ይሄን ቀሚስ ለታችዋ ሴትዮ ስጪያት። ወገቡን ታጥብበው። ለቅዳሜ ይድረስ በያት።”

“እማዬ… ለጭረት እናት?”

“ልብስ ሰፊ ናት አይደል?”

“ናቸው፣ ግን…”

“ይሄ ደሞ ልብስ ነው። ሂጂ።”

እግሬ ደረጃውን አልወርድ አለኝ። ልጃቸው የሚወዳት ልጅ ለሌላ ሰው የምትለብሰውን ቀሚስ ውሰዱና አጥብቡ ማለት ምን ማለት ነው? ከዚህ በጥፊ መምታት አይሻልም? በጥፊ የተመታ ሰው ቢያንስ መጮህ ይችላል።

እማማ (እኔና እህቴ እንዲህ ነው የምንላቸው) አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና የተሠሩት በቅርብ ነው። በአንዱ ዓይናቸው እያዩ የትልቅ ሻንጣ ዚፕ ይሰፋሉ።

“ነይ ፌንጣ፣ ተቀመጪ” አሉኝ። እኔ ፌንጣ ነኝ፤ ቁጭ ማለት ስለማልችል። “ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?”

“ቀሚስ። የእህቴ። ወገቡን ይጥበብ ብላ እማዬ…”

“ለመቼ ነው?”

“ለቅዳሜ” አልኩ። ድምጼ የወጣ አልመሰለኝም፣ እሳቸው ግን ሰሙ።

ቀሚሱን ከፌስታሉ አወጡት። በሁለት ጣታቸው አሸት አደረጉት። “ጥሩ ጨርቅ ነው” አሉና ገመድ ላይ ሰቀሉት። በቃ! እኔ ብሆን መቀሱን አንሥቼ ለሁለት እተረትረው ነበር።

“ሻንጣው የማነው?” አልኩ።

“የልጄ። ዛሬ ይሄዳል። ሌላ ከተማ የሱቅ ሰሌዳ የሚሥል ሰው ይፈልጋሉ ተብሎ። አውቶቡሱ ከምሳ በኋላ ነው። ይቺን ዚፕ እስክጨርስለት ነው፣ አሁን መጥቶ ይወስደዋል።”

እዚህ ጋ ተናደድኩ። እህቴ ላይ፣ ጭረት ላይ፣ ዚፑ ላይ፣ ሁሉም ላይ። “ይሂድ! እህቴን እንዲህ አድርጎ፣ ሥዕሉን ሁሉ አጥፍቶ፣ ደሞ በአዲስ ዚፕ ይሂድ!”

መርፌያቸው ቆመች።

“ማነው ያጠፋው?”

“እሱ ነዋ!”

“አንቺ ልጅ፣ በሰው ቁስል አትቅበጪ። ያጠፋችው እህትሽ ናት።”

“እህቴ?!”

“ልጄ በዓይኑ አይቷል። እኔን ከሐኪም ቤት ባመጣኝ ማግስት፣ ቤት ሆኖ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሥዕሎቹ በሙሉ ከገጹ ተነሥተዋል። ከእያንዳንዱ ጎን ያነሣው ሰው ስም ይጻፋል አለኝ። ሁሉም ጎን የእህትሽ ስም ነው። አንዱ ጎን ብቻ ቢሆን ስህተት ነው እንል ነበር። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። እርሳሶቹን ለቃቅሞ ሳጥን ውስጥ ከተተ። እንደዚህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።” ፋሻቸውን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉ። “ባትፈልገው ፊት ለፊት ብትነግረው ምን ነበረበት? ልጅቷ ደሞ ዓይኔን የተሠራሁ ቀን፣ ቀኑን ሙሉ እጄን ይዛኝ ነው የዋለችው። እኔን ነው ግራ የገባኝ።”

እሱ እሷ አጠፋችው ብሎ ያስባል፤ እሷ እሱ አጠፋው ብላ ታስባለች፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይሞታሉ!

“እማማ፣ ዚፑን አይጨርሱት!” አልኩና ሮጥኩ። ከኋላዬ “ምን ትያለሽ አንቺ?” ሲሉ ሰማሁ፣ ልቤ ግን ከእግሬ ቀድማ ላይ ደርሳ ነበር።

* * *

እህቴ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ የሆነ ጽሑፍ ርዕስ ታስተካክላለች። የሰማሁትን ሁሉ አንዴ አፈሰስኩት። ስጨርስ ፊቷ ነጭ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ የማላውቀው ቀለም።

“እኔ? እኔ ነኝ የሱን ሥዕል የማነሣው? የገዛ ሥዕሉን አንሥቶ ሄዶ በኔ ያላክካል? ድፍረቱ!”

“አይቻለሁ ነው እኮ የሚለው።”

“ምኑን ያያል? የሉም! ይኸው ተመልከቺ!” ከላይ ያለችው ሳጥን ላይ ስሙን ስትጽፍ ቁልፎቹ ሊሰበሩ ነው። ምንም አልተገኘም። “አየሽ? የለም! ሰውየው የለም!”

“የላቀ ፍለጋውን ክፈቺው።”

እጇ ቆመ።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳችሁ። ከላይ ያለችው ሳጥን የምትፈልገው ገጽ ላይ ወጥቶ የሚታየውን ብቻ ነው። የተነሣውን፣ ገና ያልወጣውን፣ የተደበቀውን አታውቀውም። የላቀ ፍለጋ የሚባለው ገጽ ግን ሌላ ነው፤ እዛ ማን ሠራው፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ መጨረሻ ማን ነካው፣ መቼ ነካው እያላችሁ በፈለጋችሁት መንገድ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለእህቴ ያስተማራት ጭረት ነው። አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀው። ሁለተኛው ወንበር እዛው ባዶውን ቆሞ! ከሄደ ወዲህ ያንን ገጽ ስትከፍት አይቻት አላውቅም።

“አልከፍተውም” አለች።

“ለምን?”

“አልከፍተውም አልኩ እኮ!”

“እኮ ለምን?”

ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል። “መጨረሻ የፈለግሽውን አይረሳም። ስከፍተው ስሙ እዛ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ። መጨረሻ የፈለግኩት እሱን ነው፣ ገባሽ? እስካሁን እሱን ነው የምፈልገው።”

ወይኔ እህቴ! በዛች ሰዓት አቅፌያት ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አውቶቡስ አለ። ማውሱን ቀምቼ ከፈትኩት። እውነቷን ነው። “የሠራው ሰው” በሚለው ቦታ ላይ የጭረት ስም ተቀምጧል፣ ልክ ወንበሩ ላይ ረስቶት የሄደ ኮት ይመስል። እህቴ ፊቷን አዞረች።

“ሁኔታ” የሚለው “የወጣ” ይላል። “ሁሉም” ወደሚለው ቀየርኩትና “ፈልግ” አልኩ።

መጡ! ሁሉም መጡ። ጃንጥላ የያዘችው ልጅ፣ የሚያዛጋው የፖስታ ቤት ዘበኛ፣ ጎረቤቶች በመስኮት ሲጣሉ የሚያሳየው፣ ሁሉም። ግን ከእያንዳንዱ ሥር በቀይ “ከገጽ የተነሣ” ይላል። ጎኑ ደሞ፣ ያነሣው ሰው፣ የእህቴ ስም። ቀጥሎም የእህቴ ስም። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ የእህቴ ስም።

ዞር ብዬ አየኋት። ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ ተጠራጠርኳት። አወቀችብኝ።

“አንቺም?” አለች በቀስታ። ከጩኸቷ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

“አይ… ግን ማንም በስምሽ ይገባል እኮ” አልኩ ቶሎ ብዬ። እውነት ነው። እማዬ ለእያንዳንዱ ሰው መግቢያ መክፈት ብክነት ነው ስለምትል ከቤተሰቡ ሲስተሙን የሚነካ ሁሉ በእህቴ ስም ነው የሚገባው። ጭረት አንዳንዴ ከቤቱ ስለሚልክ የራሱ ነበረው፤ የኛን ጉድ አያውቅም። የይለፍ ቃሉ የድመታችን ስም ነው። ድመቷ ራሷ ብትፈልግ መግባት ትችላለች!

“መቼ ነው የተነሡት?” አለች እህቴ። አሁን ማውሱን እሷ ቀማችኝ። ዝርዝሩ ስም እንጂ ቀን አያሳይም፤ ቀኑን ለማወቅ ከታች “የተነካበት ቀን፣ ከዚህ እስከዚህ” የሚለውን መሙላት አለባችሁ። ያለፈውን ሳምንት ሞላች፤ ባዶ። ከዛ በፊት ያለውን ሞላች፤ ባዶ። ከዛ ጭረት የጠፋበትን ሳምንት ሞላች፤ ሁሉም ግልብጥ ብለው መጡ። እሱን ሳምንት ቀን በቀን ከፋፈለችው። ሰኞ፣ የለም። ማክሰኞ፣

ሁሉም። አንድ ሳይቀሩ፣ በአንድ ማክሰኞ።

እህቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው።

“ማክሰኞ እማማ ዓይናቸውን የተሠሩበት ቀን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እዛ ነበርኩ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ሞቷል። እሱ ከጎኔ ነበር።”

አባዬ መሬት ቀያሽ ስለሆነ ያን ሳምንት መስክ ላይ ነበር። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። የድመቷን ስም የሚያውቅ ሌላ ማን ቀረ?

ዝርዝሩን ስናይ መሀል ላይ አንድ ሥዕል ነበረች፤ መነጽር ያደረገች፣ አገጯን ቀና ያደረገች ሴት፣ በእርሳስ። የእማዬ ፊት። ጭረት ለዋና አዘጋጇ ገጽ የሠራላት። እማዬ ይሄ ሁሉ ጊዜ “ፊቴን ከገጼ ላይ የሰረቀው ማነው?” እያለች ስትጮህ ነው የከረመችው።

ሳቅ አፈነኝ፣ ንዴትም አፈነኝ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። እህቴ ግን አልሳቀችም። ላፕቶፑን ከነሽቦው ነቅላ ተነሣች። እንደዛ ስትነሣ አይቻት ስለማላውቅ፣ ፈራኋትም፣ ኮራሁባትም።

* * *

እማዬ ቢሮዋ ውስጥ ስልክ እያወራች ነው። እህቴ ሳታንኳኳ ገባች፤ ላፕቶፑን ወረቀቶቿ ላይ አስቀመጠችው።

“ይሄን ታውቂዋለሽ?”

እማዬ ስልኩን ዘጋች። አይታ ፈካ አለች። “ፊቴን አገኛችሁት? እሰይ! ማነው ያነሣው? ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ ነው የማባርረው!”

“እንግዲያው ራስሽን አባርሪ።”

“ምን?”

“እሱን በስሙ ፈልገሽ፣ ‘ሁሉንም ምረጪ’ አልሽ፣ ‘አንሺ’ አልሽ። አላየሽም። አንዱ አንቺ ነበርሽ።”

እማዬ መነጽሯን አወለቀች። አልካደችም። ይሄ ነው ያናደደኝ፣ አለመካዷ! የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ትንሽ እንኳ አይደነግጥም?

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለች። “ለአንቺ ብዬ ነው።”

“በኔ ስም!”

“በማን ስም ልገባ ኖሯል? ያለን አንድ መግቢያ ነው።”

“እማዬ፣ እያወቅሽ አትቀልጂ። በስሜ ካነሣሽው ስሜን አይቶ እንደሚሄድ ታውቂ ነበር።”

“ሄደ አይደል?” አለች እማዬ። “አንድ ጊዜ ደውሎ ‘ለምን?’ አለሽ? አላለም። ወንድ ልጅ የሚፈልጋትን ሴት በአንድ ስም ምክንያት አይተዋትም። እኔ በሩን ከፈትኩ እንጂ አልገፋሁትም።” ከዛ ድምጿ ዝቅ አለ። “ልጄ፣ እኔ ይሄን ሕንጻ ሳልሠራ በፊት ምን እንደነበርኩ አታውቂም። ከደረጃ ሥር የመጣ ልጅ ከደረጃ ሥር አይወጣም። አንቺን ይዞ እዛው ይቀራል።”

“ደረጃውስ የማን ነው?”

እማዬ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

“የማን ነው ደረጃው? ሥሩ አምፖል አንድ ብቻ ይሁን ያለው ማነው? እዛ ሥር ያሉት ሴትዮ አሁን በአንድ ዓይናቸው የኔን የቅዳሜ ቀሚስ ሊያጠብቡ ነው። አንቺ ነሽ የላክሽላቸው! እኔን ብትጎጂኝ ልጅሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ። እሳቸውን ምን አደረጉሽ?”

እህቴ ላፕቶፑን አነሣች። እማዬ “አንቺ! ቅዳሜ ሰው ይመጣል!” አለች።

“ይምጣ። ምሳ አብስዪለት።”

ከበሩ ስንወጣ ለእማዬ ሳላስበው ላዝንላት ስል ራሴን ያዝኩ። ዛሬ ማዘን አልፈልግም። ዛሬ መናደድ ነው የምፈልገው።

* * *

ከላይ ሆኜ አየሁት። ጭረት ደረጃው ሥር ቆሟል፣ ሻንጣው በእጁ፤ ዚፑ አልቋል። (እማማ፣ አይጨርሱት ብዬ አልነበር!) ከስቷል። እኔ ደሞ ክስት ያለ ሰው ሲያምርበት አልወድም፣ ግን አምሮበታል፣ ምን ላድርግ።

እህቴ ጫማዋን የት እንደጣለችው አላውቅም፣ በባዶ እግሯ ላፕቶፑን እንደ ትሪ ይዛ ወረደች። ሲያያት ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ።

“ልሄድ ነው እማ።”

“ቁም!” አለች እህቴ።

“ረፍዷል። ደህና ሁኚ።”

“ቁም አልኩህ! ያየኸውን እኔም አየሁት። አሁን ያላየኸውን እይ።”

ላፕቶፑን መስፊያ መኪናው ላይ አስቀመጠች። እማማ ቀሚሱን ከገመዱ ላይ አንሥተው ብርሃኑ እንዲደርስ አምፖሉን ዝቅ አደረጉ። ጭረት እያመነታ ጠጋ አለ። ስሟን አየ። ከንፈሩ ተጨማደደ። ከዛ ከታች የተሞላውን ቀን አየ።

“ይሄ ቀን ምንድነው?” አለችው።

“ማክሰኞ።”

“ማክሰኞ የት ነበርኩ?”

ጭረት እናቱን አየ።

“የት ነበርኩ?”

“እናቴ ጋ” አለ።

“ምናቸውን ይዤ?”

“እጃቸውን።”

“በስንት እጄ?”

ጭረት ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ተለወጠ፤ የሆነ ነገር ከውስጡ ሲናድ አየሁ፣ እምላለሁ አየሁ። “በሁለቱም” አለ፣ ድምጹ ሳይሰማ።

“እንግዲያው በየትኛው እጄ ነው ሥዕልህን ያነሣሁት?”

እማማ በደህናው ዓይናቸው ልጃቸውን ያያሉ። እሱ ወደ ላይ ቀና ሲል እማዬ ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆማለች። ማን እንደሆነች አልጠየቀም። ገባው።

“ይቅርታ” አለ ለእህቴ። “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ…”

“ይቅርታህን እዛው ያዘው!” እህቴ አሁን ነው የጮኸችው። “ስሜን አየህ፣ ቀኑን አላየህም! አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ? በአንድ ነገር ብቻ አትፈልጊ፣ አንድ ነገር ብቻ ከጠየቅሽው ግማሹን ነው የሚነግርሽ ያልከኝ? ለሥዕሎችህ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ይገባቸዋል፣ ለኔ ሲሆን አንድ ስም በቃህ? አንድ ጥያቄ! አንድ ጥያቄ እንኳ አላወጣሁም?”

ጭረትም ቀላ። “አንቺስ? አንቺ የት ፈለግሽኝ? ትንሿ ሳጥን ላይ ስሜን ጽፈሽ ‘ምንም አልተገኘም’ ስላለሽ አመንሽ አይደል? ምንም ነኝ እኔ? አንዴ ደወልሽ፣ አላነሣሁም፣ በቃ? እዚህ ደረጃው ሥር እናቴ አለች! ሁለት ፎቅ ወርደሽ የት ሄደ ማለት አቃተሽ?”

“አፈርኩ! ትቶኝ የሄደ ሰው እናት ጋ ምን ብዬ ልምጣ?”

“እኔም አፈርኩ! ያጠፋችኝ ሰው ጋ ምን ብዬ ልደውል?”

“ያንን ገጽ ከፍቼ ስምህን ማየት አቃተኝ!”

“እኔም ስምሽን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ!”

ሁለቱም አንድ ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። እንደዛ ተፋጠው ቆሙ፤ አፋቸው ይጣላል፣ ዓይናቸው ግን የሆነ ነገር ይለማመጣል። እኔ ጣቴን ነክሼ ነው የቆምኩት።

“እኔ የምለው” አሉ እማማ፣ “ዓይኑን የተሠራው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?”

ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ትንሽ ሳቅኩ፣ በአፍንጫዬ።

እማዬ አንድ ደረጃ ወረደች። እማማ ቀና አሉና “እንደምን ዋሉ እመቤት” አሏት። እንዲህ ተደርገው፣ ልጃቸውን እንዲህ ተደርገው፣ ሰላምታ! እማዬ አፏን ከፈተች። ሁላችንም ጠበቅናት። አፏን ዘጋች፤ ዞረች፤ የጫማዋ ድምጽ ወደ ላይ ወጣ። ከሁሉም ነገር በላይ ያቺ ያልተመለሰች ሰላምታ አናደደችኝ።

ጭረት ሰዓቱን አየ። “አውቶቡሱ…” አለ።

እህቴ ሻንጣውን ከእጁ ቀማችው። መሬት ላይ አጋደመችው። ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ተጣልተናል” አለችው። “ሰው ጠቡን ሳይጨርስ የት ይሄዳል?”

“መቼ ነው የምንጨርሰው?”

“እኔ ምን አውቄ! ገና አሁን መጀመሬ ነው። ያንተ ዝምታ አለ፣ እሱን አልነካሁትም። ስልክ አለማንሣትህ አለ። ይሄ ሻንጣ ራሱ አለ! የሱቅ ሰሌዳ ሊሥል ይሄዳል እንዴ፣ እንዳንተ ያለ እጅ ያለው ሰው? እሱ ላይ ብቻ እስከ ማታ እናደዳለሁ።”

ጭረት አያት። ከዛ ቀስ ብሎ፣ አውቶቡስ እንደማይጠብቀው ሰው፣ መሬት ላይ ከፊቷ ቁጭ አለ።

“እሺ” አለ። “ከዝምታዬ ጀምሪ።”

ይሄንኛው “እሺ”… ወይ ጌታዬ! ከሊፍት በር ጋር አይገናኝም።

“እማማ፣ ቀሚሱን ይተዉት” አለች እህቴ ዞር ሳትል። እማማ ቀሚሱን አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱት፤ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ የፋሻውን ሳይሆን የደህናውን። እህቴ “መጀመሪያ ነገር፣” ብላ ጀመረችው፤ ጣቷ ደረቱ ላይ ነው፤ እሱ ጣቷን ያዘ፤ “አትንካኝ፣ ተናድጃለሁ” አለችው፤ ጣቷን ግን አልነጠቀችውም።

ከላይ እማዬ ጠራችኝ። “ፌንጣ!” ዝም አልኩ። “ፌንጣ! ነይ ወደዚህ!”

በሕይወቴ እማዬ ጠርታኝ ሁለተኛ አስጠርቻት አላውቅም። እግሬ እንደ ልማዱ ሊዘል ተነሣ። ያዝኩት። የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ከእማማ መኪና አጠገብ፣ ቁጭ አልኩ፤ ተናድጄ፣ ደስ ብሎኝ፣ ፊቴ በእንባ ርሶ።